ጋሽ ፋሩቅና የወገባቸው ፊልም

ወገቡን የሚያመው የአዲስ አበባ ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ የኤምአርአይ ፊልሙን ቁም ሣጥን ላይ ጥሎ የሚረሳና ፊልሙን በብብቱ ሸጉጦ ከተማውን የሚያካልል። ፊዚዮቴራፒስቷ ጁወይሪያ አራት ኪሎ ባለችው ክሊኒኳ ከሁለተኛው ወገን ስንቱን አይታለች። የሁሉም አለቃ ግን ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ክርና ዚፕ የሚሸጡት ክቡር ጋሽ ፋሩቅ ናቸው።

ጋሽ ፋሩቅ ታክሲ ውስጥ ጋቢና ካልተለቀቀላቸው አይሳፈሩም። ከተሳፈሩ ደግሞ ፊልሙን ከፖስታው አውጥተው በመስኮቱ ብርሃን ለሹፌሩ ያሳያሉ። "አየሃት ይቺን? ሸርተት ያለችው እሷ ናት!" ሹፌሩም መንገዱን ትቶ ያይና፣ "ውይ ጋሼ! ብቻ እንዳያጎነብሱ!" ይላል። ዚፕ ሊገዛ የመጣም ሰው ሸርተት ያለችውን የወገብ ዲስካቸውን ሳያይ አይሄድም፤ እሱም እንዳያጎነብሱ መክሮ ይሄዳል።

አገር ሁሉ እንዲህ ስለመከራቸው ማጎንበስ ከተዉ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። ጫማቸውን የሚያስሩላቸው ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘይቱና ናቸው። ሱቁ ውስጥ ክር ከወደቀ ደንበኛው ራሱ ያነሳል። ፍራሹን አስወግደው ሳንቃ ላይ ይተኛሉ፤ ወገባቸው ላይ የድጋፍ ቀበቶ፣ ከቀበቶው በላይ የሱፍ ሻርፕ አለ።

አንድ ነገር ግን አያስቅም። መስጊድ ውስጥ ከሰጋጁ ረድፍ ተለይተው፣ ዳር ላይ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የሚሰግዱት።

"ግንባሬ መሬት ሳይነካ ሁለት ረመዳን አለፈ፣ ልጄ" አሏት አንድ ቀን ክሊኒኳ መጥተው፣ ፊልሙን ሳያወጡ። "ሌላው ይቅር። ይቺን ብቻ መልሺልኝ።" ጁወይሪያን አንጀቷን በሏት።

"ጋሽ ፋሩቅ፣ በእርስዎ ዕድሜ ምንም የማያመው ሰው እንኳ ፊልም ቢነሳ እንዲህ ያለ ነገር ሊታይበት ይችላል" አለቻቸው። "በደንብ መርምሬዎታለሁ፤ እግርዎ አልደነዘዘም፣ ጉልበትዎም ደህና ነው። ወገብዎ የደረቀው ፈርተው ስላላንቀሳቀሱት ነው።"

"ታዲያ ይቺ ሸርተት ያለችውስ?" ፊልሙ ወጣ።

ሦስት ሳምንት አለማመደቻቸው። በጀርባቸው አስተኝታ ጉልበታቸውን ወደ ደረታቸው አስጠጋች፤ ወንበር ላይ አስቀምጣ እጃቸውን ወደ እግራቸው እንዲሰዱ አደረገች። እጃቸው ጉልበታቸውን ሲያልፍ "በቃ! በቃ!" ይላሉ። ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም።

በአራተኛው ማክሰኞ ተራ ሲጠብቁ ሲሞን ለሚባል አዲስ ታካሚ ፊልሙን ያሳዩ ነበር። ፊልሙ ከእጃቸው አመለጠና ገና በተወለወለው እርጥብ ወለል ላይ ወደቀ።

"ፊልሜን!"

ሲሞን ከወንበሩ ሳይነሳ ጋሽ ፋሩቅ በጉልበታቸው ወርደው ፊልሙን አንስተው በሻርፓቸው እየጠረጉት ነበር። ጁወይሪያ በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

"ጋሽ ፋሩቅ፣ የት ነው ያሉት?"

ወለሉን አዩ። ጉልበታቸውን አዩ። "ወላሂ፣ መሬት ላይ ነኝ።"

"ወገብዎስ?"

ወገባቸውን በእጃቸው ዳበስ አደረጉ። "ያዝ ያደርገኛል። ግን… አለ።"

እንዲነሱ አልጎተተቻቸውም። ንጹሕ አንሶላ አምጥታ ፊታቸው አነጠፈች። "እስቲ ቀስ እያሉ ይሞክሩት። ከከበደዎት ያቆማሉ።"

"ቂብላው በየት በኩል ነው?" አሉ።

ወደ መስኮቱ ጠቆመቻቸው። እጃቸው አንሶላውን ነካ፤ ቀጥሎ ግንባራቸው። ብዙ ቆዩ፤ ሲሞን ደንግጦ "ሰላም ናቸው?" እስኪል ድረስ። ቀና ሲሉ ጺማቸው በእንባ ርሷል። ጁወይሪያም ካርድ የምትፈልግ መስላ ፊቷን አዞረች።

ዛሬ ጋሽ ፋሩቅ ከረድፉ መሃል ናቸው። ልምምዳቸውንም ጠዋት ጠዋት አያጓድሉም። ማክሰኞ በእሳቸው ሰዓት ሌላ ሰው ይገባል፤ ዝም ብሎ መጥቶ ዝም ብሎ የሚሄድ ጨዋ ሰው። ለጁወይሪያ ግን ክሊኒኩ ጭር ይልባታል። ስለዚህ አልፎ አልፎ ድልድዩ ጋ ወርዳ የማትፈልገውን ዚፕ ትገዛለች።

"አየሻት ይቺን?" ይላሉ ፊልሙን እያወጡ። "ከእሷ ጋር ነው እኮ የምሰግደው!"

ጁወይሪያም ያን ሃያ ጊዜ ያየችውን ፊልም ተቀብላ፣ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ፣ "የትኛዋ ነበረች፣ ጋሼ?" ትላቸዋለች።