የደጀ ሰላሙ እንቁላል

እሳት ያቃጥላል ሲሉት ጣቱን ሰዶ የሚያረጋግጥ ሰው የሌለበት አገር የለም። ቃሪያው ያቃጥላል ቢሉት ሁለተኛውን ይቀጥፋል። ለእኔ የደረሰኝ ክቡር ሊቀ ሙከራ አስማረ ነው። ማዕረጉን የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰጪ አልነበረም።

በ1960 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ አገልግሎት አርብ ገበያ ተመድበን፣ አንድ ቤት ተከራይተን እናስተምር ነበር። እሱ በጎን የጎንደር ዘመን ባለሙያዎችን ጥበብ ያጠናል። የሚያጠናው ግን በእጁ ነው። ብራና እንዴት እንደሚፋቅ ለማወቅ የፍየል ቆዳ በአልጋዬ ራስጌ ወጠረ። ቀለም እንዴት እንደሚዘጋጅ ለማወቅ ባለችን አንድ ድስት ጥላሸት በጠበጠ፤ ወር ሙሉ ጥቁር ሽሮ በላን። መጽሐፍ ላይ ተጽፏል ብዬ ብነግረው "ተሞክሯል?" ብሎ ያፈጥብኛል።

በዚያ ዓመት የደብሩ ደጀ ሰላም ተሰነጠቀ። ከጎንደር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ የቆመ ግንብ ነው። ካህናቱና ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ አፍርሰው በሲሚንቶና በቆርቆሮ ሊሠሩት ቆረጡ። አስማረ ምሳውን ትቶ ወደ ደብሩ መሪጌታ ተክለሃይማኖት ሮጠ፤ እኔም ተከተልሁት።

"የኔታ፣ አያፍርሱት። በጥንቱ ኖራ እጠግነዋለሁ።"

"የጥንቱ ኖራ በእንቁላል የተቦካ ነው፣ ልጄ። አባቶቻችን ከሰባት አጥቢያ እንቁላል አዋጥተው ነው ያቆሙት።"

"ተሞክሯል፣ የኔታ?"

"ይኸው ሦስት መቶ ዓመት ቆሟል። ሌላ ምን ሙከራ ትሻለህ?"

"እንግዲያው ነገ በእንቁላል እጀምራለሁ።"

"በሁዳዴ? ቤተ ክርስቲያኑን ጾም ልታስገድፈው ነው?"

ግንብ ይጾማል ወይስ አይጾምም የሚለው ክርክር ሁለት ቀን ፈጀ። በመጨረሻ ሙከራው በትምህርት ቤቱ ግቢ እንዲሆን ተፈረደ፤ ትምህርት ቤቱ ቅዳሴ ስለማይገባ ቢገድፍም ግድ የለም ተባለ። ለሆሳዕና ኖራው ጸንቶ ከተገኘ ደጀ ሰላሙ ይተርፋል፤ አለዚያ ይፈርሳል።

እንቁላል አልቸገረንም። በጾሙ የሚበላው ስለጠፋ እንቁላል ነጋዴዋ እመት ውዴ ቤት ተከምሮ ነበር። የኖራውን ድንጋይ አስማረ ከስማዳ ቆላ በአህያ አስመጥቶ ሦስት ቀን አቃጠለው። ከበረደ በኋላ ቀዝቃዛ ውሃ ቢያፈስበት ድንጋዩ ያለ እሳት ተንተከተከ። ሦስት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ ድንጋይ ሲፈላ አይቼ አላውቅም። ግጥም ልጀምርለት ስል አስማረ ባልዲ አስጨበጠኝ።

ሁለት ትንንሽ ግንቦች ሠራ፤ አንዱን በእንቁላል፣ ሌላውን በኖራና በአሸዋ ብቻ።

"ያ ባዶው ለምንህ ነው?" አሉ መሪጌታ።

"ለምስክር ነው፣ የኔታ።"

በጾሙ አምስተኛ ሳምንት የእንቁላሉ ግንብ ሸተተ። ተማሪዎቼ አፍንጫቸውን ይዘው ፊደል ቆጠሩ፤ የአርብ ገበያ ውሻ ሁሉ እየመጣ ይልሰው ጀመር። በሆሳዕና ሽማግሌዎቹ ከቅዳሴ መልስ መጥተው በእግራቸው ገፋ ቢያደርጉት ተናደ። ሌላውን አንድ ጎረምሳ በመዶሻ ቢመታው መዶሻው ነጠረ።

ደጀ ሰላሙ ዳነ ብዬ ልጨፍር ስል ሊቀ ሙከራ አፉን ከፈተ።

"እንግዲህ አባቶቻችን እንቁላል አልጨመሩበትም።"

የሰባት አጥቢያ ኩራት ነው የነካው።

"አባቶቼ ዋሽተዋል ነው የምትለኝ?" አሉ መሪጌታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ያ ሁሉ እንቁላል ታዲያ ወዴት ገባ?"

አስማረ ጎንበስ ብሎ ከተናደው ግንብ አንድ ቁራጭ አንስቶ አሸተተ።

እመት ውዴ ከሴቶቹ መካከል ሆነው፣ "ግንበኞቹ በልተውት ነዋ፣ የኔታ" አሉ። "ድንጋይ ሲሸከም የሚውል ሰው ቆሎ ብቻ ይበላል?"

መሪጌታ ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። "እንዲያ ከሆነ አባቶቻችን አልዋሹም። ግንቡ የቆመው በእንቁላል ነው። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ጀምር።"

ሥራው በተጀመረ በሳምንቱ እመት ውዴ አንድ ቅርጫት ቅቅል እንቁላል ይዘው መጡ። የአስማረን ጣቶች ግን ኖራው በልቷቸው፣ ተሰነጣጥቀው መላጥ አልቻሉም። አጠገቡ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ልጬ አጎረስሁት። ሦስቱን ዋጠና ጨው ያንሰዋል አለኝ። አራተኛውን ላጥሁለት።