አሥራ አንድ ዓመት የተጣራ ማጣሪያ

በአማርኛ ውስጥ እንደ «ማጣራት» የሚለፋ ቃል ያለ አይመስለኝም። ውኃ ይጣራል፣ ዘይት ይጣራል፣ ከሠርግ በፊት የሙሽራው ዘር ማንዘር ይጣራል። ብሔራዊ ቡድናችን ማጣሪያ ይጫወታል፤ ብዙውን ጊዜም ተጣርቶ እዚያው ይቀራል። የታክሲው ረዳት «ጎፋ፣ ጎፋ!» እያለ ይጣራል፤ ይሄኛው ሌላ ቃል ነው ብትሉኝም በጽሑፍ ግን አትለዩትም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ቢሮ ውስጥ ጉዳይ ይጣራል። ውኃ ሲጣራ ጥቂት መጠበቅ ነው። ጉዳይ ሲጣራ ግን ታረጃላችሁ።

እኔ ይህን ቃል በሁለት በኩል ነው ያገባሁት። ሙያዬ ማጣሪያ መሥራት ነው፤ ዕጣዬ ደግሞ መጣራት።

ሙያዬን ላስረዳ፤ አትፍሩ፣ አላንዛዛም። የምሠራው የማይክሮዌቭ ማጣሪያ ነው። ማይክሮዌቭ ስል ምግብ ማሞቂያውን ማለቴ አይደለም፤ የባለቤቴ እናት ይህን እስከ ዛሬ ስላላመኑኝ በሄድኩ ቁጥር የተበላሸውን ማሞቂያቸውን ያወጡልኛል። እኔ የምለው ስልኩም ራዲዮኑም ሳተላይቱም የሚነጋገሩበትን ሞገድ ነው። አየሩ ሁሉም ባንድ ጊዜ እንደሚጮህበት የታክሲ ተራ ነው። ማጣሪያው በመሣሪያው ደጃፍ ቆሞ አንዱን እንግዳ ብቻ የሚያስገባ ዘበኛ ነው በሉት። ችግሩ፣ ዘበኛ ሁሉ የሚያንቀላፋበት ሰዓት አለው። ማጣሪያም የሞገዱ ድግግሞሽ፣ ማለትም ፍሪኩዌንሲው፣ የተመደበለትን እጥፍ ወይም ሦስት እጥፍ ሲሆን ድንገት በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ያልተጋበዘውን ሁሉ ያስገባል። እንዳያንቀላፋ ማድረግ ይቻላል፤ ግን ዕቃው ይተልቃል። ትንሽ ሆኖ፣ ሰፊ ክልል ላይ የነቃ እንዲሆን ማድረግ ነው ጭንቁ።

ለሁለተኛ ዲግሪዬ ያን ጭንቅ ተገላገልኩ። የመዳብ መስመሮቹን እንደ አንጀት አጣጠፍኳቸው፤ ከሥር የተነጠፈውን መዳብ ደግሞ እዚህም እዚያም ሰነጠቅኩት። የክብሪት ቀፎ ግማሽ የማትሞላ ማጣሪያ ወጣችኝ። የዩኒቨርሲቲው መለኪያ እስከሚያነብበት ድረስ አንዲት ያልተፈለገች ሞገድ አላሳለፈችም። «እስከሚያነብበት ድረስ» የምትለዋን ያዙልኝ።

አማካሪዬ የነበረው ዶክተር አየና «ግሩም!» አለ። («አለ» ማለቴን ልብ በሉ፤ አንቱታው ከዚያ ወዲህ ተነሥቷል።) ከዚያ የውጭ አገር መጽሔት ላይ በራሱ ስም አወጣት። ስሜ ጨርሶ የለም ብል ግን እዋሻለሁ። መጨረሻው ላይ «ስለ ብየዳ እገዛው» የሚመሰገን አንድ ሰው አለ፤ የአባቱ ስም ተሳስቶ የተጻፈ። እኔ ነኝ።

ለዩኒቨርሲቲው አቤቱታ ጻፍኩ። «ጉዳዩ በመጣራት ላይ ነው» የሚል መልስ መጣ። በዓመቱ ደግሜ ጻፍኩ፤ አሁንም በመጣራት ላይ ነው። አሥራ አንድ ዓመት። ባለቤቴ አስቴር ሰው ቤት ስንጋበዝ እንዲህ ትላለች፦ «ከእኔ ጋር ሰባት ዓመቱ፣ ከዶክተሩ ጋር አሥራ አንድ። እኔ ሁለተኛ ሚስት ነኝ።»

የምንኖረው መካኒሳ አቦ፣ በጋሽ ቶሎሳ ግቢ ነው። ቤታችን ያረፈበት መሬት የጋሽ ቶሎሳ የሽምብራ ማሳ ነበር። ማጣሪያ እንደምሠራ የሰሙ ቀን የውኃ ማጣሪያቸውን ታቅፈው መጡ።

«ኢንጂነር፣ ጠብ አልል ብሏል። እየው እስቲ።»

የኔ ማጣሪያ ሌላ መሆኑን አስረዳሁ። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ይሁን። ቆሻሻው ታዲያ የት ይጠራቀማል? የኔው ከሥር ይቀራል።»

«የኔ አያጠራቅምም፤ ያልፈለገውን ወደ መጣበት ይመልሰዋል።»

«ወደ ላኪው?»

«አዎ፣ ወደ ላኪው።»

«እንደ ቢሮ ነዋ!» አሉ። የውኃ ማጣሪያቸውን አጠብኩላቸው።

ዘንድሮ ጎፋ የምሠራበት ትንሽ ድርጅት አዲስ መለኪያ አስገባ፤ ከዩኒቨርሲቲው እጅግ ከፍ ያለ ፍሪኩዌንሲ የሚያነብ። ሰው ጠባሳውን መነካካት ይወዳልና፣ ምን እንደተዘረፍኩ ልየው ብዬ ያችን ማጣሪያ እንደገና ሠራኋትና በምሳ ሰዓት ለካኋት። የድሮው መለኪያ እስከሚያነብበት ድረስ እንደ ግንብ ናት። ልክ ከዚያ እንዳለፈች በሩ ወለል! ኬብሉን ቀየርኩ። ደግሜ ቀየርኩ። ኬብሉ ደህና ነው። ከሥሩ መዳብ አንዱን ስንጥቅ አስረዝሜው ኖሮ ሞገዱን የሚያሳልፈው እሱ ራሱ ነው። እኔ ግን በመመረቂያ ጽሑፌ መደምደሚያ ላይ «ከዚያም በላይ ያለውን ሁሉ ትከለክላለች» ብዬ ጽፌያለሁ። ሳልለካ! ዶክተሩም ዓረፍተ ነገሯን ነጥቧን ሳያጎድል ነው የገለበጣት።

ቁጭ አልኩ። የምናደድ መስሎኝ ነበር፤ ሳቅኩ። ዓለም በሚያነበው መጽሔት ላይ ያለችው ያች ውሸት የኔ ስም የለባትም! አሥራ አንድ ዓመት ያለቀስኩላት ስሜ ደህና ቦታ ተደብቃ ኖራለች። ያን ቀን ሁለት ሽሮ በላሁ። አስቴርንም «ተመስገን፣ ተዘርፌያለሁ!» አልኳት።

በሳምንቱ ከዩኒቨርሲቲው ስልክ ተደወለ። «ተጠርተዋል» አለችኝ አንዲት ሴት። እኔ የሰማሁት «ተጣርቷል» ነበር። ሁለቱም እውነት ሆኖ ተገኘ።

እንግዲህ ጭንቀቴን እዩልኝ። ስሜን ከመለሱልኝ ውሸቷም አብራ ትመጣለች። አስቴርን ብቀር ምን ይመስልሻል አልኳት።

«አሥራ አንድ ዓመት ስትለምን ኖረህ አሁን ልትደበቅ ነው? ሂድ! ቢያንስ ራት ላይ የምትረግመው ሰው አጥተህ እንይህ።»

ሄድኩ። የአቤቱታ ቢሮው ወይዘሮ መነጽራቸውን አደረጉና ፋይሉን ገለጡ። «እንኳን ደስ ያለዎት። ዶክተሩ ራሳቸው አምነው ጽፈዋል» ብለው አነበቡልኝ። «ንድፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የተማሪዬ ሥራ ነው። በተለይም መደምደሚያው።»

በተለይም መደምደሚያው! ከሥሩ ሌላ ወረቀት ተያይዟል፦ ማጣሪያዋን ሠርቶ የሞከረ የውጭ አገር አንባቢ፣ ለምን ከላይ እንደምታሳልፍ ዶክተሩን የጠየቀበት። ጥያቄው የመጣው ካቻምና ነው። የዶክተሩ ሕሊና የነቃው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። ሳቄ አመለጠኝ።

«ምነው፣ አልተደሰቱም?»

«ተደስቻለሁ እንጂ። ማጣሪያው ሠርቷል ማለት ነው።»

እንድፈርም ወረቀቱንና እስክሪብቶውን አቀረቡልኝ። «የኔ አይደለም» ብዬ መውጣት እችላለሁ፤ ስሜም ንጹሕ፣ ቂሜም ሙሉ ሆኖ ይኖራል። ግን ስንጥቁን ያስረዘምኩት እኔ ነኝ። በዚያው ሳምንት ለማሳጠርም ጎፋ ላይ አንድ ከሰዓት በኋላ እንኳ አልፈጀብኝም። ፈረምኩ። ከፊርማዬ ሥርም «መደምደሚያው ስህተት ነው፤ ማረሚያው በእጄ ነው» ብዬ ጨመርኩ።

ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄማ አዲስ ጉዳይ ነው። መጣራት አለበት።»

«ይጣራ» አልኳቸው። ምን ቸገረኝ? ስወጣ ትከሻዬ ላይ የነበረ አንድ ኩንታል ነገር ወንበሩ ላይ ረስቼ የመጣሁ ያህል ቀለለኝ። ታክሲ ላይ ለማላውቀው ሰው ሁሉ ጥግ ለቀቅኩ።

ጋሽ ቶሎሳ በር ላይ ቆመው ነበር።

«ኢንጂነር፣ ተጣራልህ?»

«ተጣራ።»

«ቆሻሻውስ?»

«ወደ ላኪው ተመለሰ።»

«በለው!» አሉ፣ ደስታቸው ፊታቸው ላይ እየታየ። «ያ ዶክተር ጉድ ፈላበት!»

ላኪው እኔው ነኝ ብዬ አላረምኳቸውም። ለአንድ ቀን ያረምኩት ይበቃል።