ጭቃ ሳይገቡ የሚያስቡት ኦቦ ጃለታ

በየሰፈሩ አንድ ሰው አይጠፋም፤ ችግሩ ሳይመጣ መፍትሔውን ይዞ የሚጠብቅ፣ ችግሩ እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ሰውን ሁሉ የሚያሰለች። የሱሉልታው እንዲህ ያለ ሰው ክቡር ኦቦ ጃለታ ናቸው።

ኦቦ ከአሮጌ ላንድክሩዘራቸው ጋር አብረው አርጅተዋል። ጭቃ ገና ከሩቅ ሲታያቸው መኪናዋን ያቆማሉ። ወርደው በእያንዳንዱ የፊት ጎማ እምብርት ላይ ያለውን መቆለፊያ በእጃቸው ያዞራሉ፤ ተመልሰው አራቱም ጎማ እንዲገፋ ከማርሹ አጠገብ ያለችውን ትንሿን ዘንግ ይስባሉ። ከዚያ አዋጁ ይከተላል፦ "ፎር ዊል የሚገባው ጭቃ ውስጥ ገብተህ አይደለም፤ ሳትገባ ነው!" ደረቅ መሬት ሲደርሱም እንደገና ቆመው ይፈታሉ። አንድ ጊዜ ወደ ቀብር ሲሄዱ፣ ከቀብር የሚመለሰው ሕዝብ መንገድ ላይ አገኛቸው ይባላል።

ጎረቤታቸው ፍቅረሥላሴ በልጁ ክርስትና ቀን በእሳቸው መኪና አልሄድም ያለው ለዚህ ነው። "ኦቦ፣ አንቱ ቆልፈው እስኪነሱ ቅዳሴው ያልቃል" ብሎ፣ ክርስትና አባት ሊሆን በታጨው በወንዳፍራሽ አዲስ መኪና ውስጥ ከሚስቱና ከሕፃኑ ጋር ገባ። ኦቦም ሳይቀየሙ ከኋላ ተከተሉ።

ዝናብ ሲጥል አድሯል። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ዳገት ላይ አዲሱ መኪና እስከ ሆዱ ሰመጠ። ደወሉ ተደወለ።

"ልጄ በአርባ ቀኑ ሳይጠመቅ ሊቀር ነው!" አለች እናቱ ማርቲ።

ላንድክሩዘሯ ደረሰች፤ ከጭቃው አፋፍ ላይም ቆመች።

"ይኸው! ዛሬም ቆሙ!" አለ ፍቅረሥላሴ ራሱን ይዞ።

ኦቦ ወረዱ፤ ቆለፉ፤ ዘንጓን ሳቡ። "ኮታ! ኑ፣ ግቡ!"

"መኪናዬን ጭቃ ላይ ጥዬ?" አለ ወንዳፍራሽ። እዚያው ቀረ።

ላንድክሩዘሯ እያቃሰተች፣ አራቱም ጎማዎቿ መሬቱን እየቧጠጡ ሽቅብ ወጣች። ማርቲ እልልታዋን አቀለጠችው። ፍቅረሥላሴ አምላኩን ሲያመሰግን ግን፣ በቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ጠጠሩ ላይ መኪናዋ ቀጥ አለች።

"ኦቦ! ደርሰን?"

"ደረቅ ነው። ሳልፈታ አልነዳም።"

ባልና ሚስቱ ሕፃኑን ይዘው እየሮጡ ገቡ።

"ክርስትና አባቱ የታለ?" አሉ ቄሱ።

ፍቅረሥላሴ ዞር ብሎ በበሩ አየ። ኦቦ ጃለታ ጎማው ሥር ተንበርክከዋል።

"እኚያ ናቸው፣ አባ" አለ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ። "ልጄን ጭቃ ሳይገባ ማሰብን ያስተምሩልኝ።"

ኦቦ ተጠሩ፤ እጃቸውን ታጥበው ገቡ። ሕፃኑን ሲቀበሉ፣ ያን መቆለፊያ እንደሚያጠብቁት አድርገው ጠበቅ አድርገው ያዙት።