ከጋሼ ደሳለኝ በስተግራ

ግራ ማለት ወደ ሰሜን ዞሮ ለቆመ ሰው ፀሐይ የምትጠልቅበት ጎን ነው። የእያንዳንዳችን ግማሽ ግራ ነው፤ የዓለምም ግማሿ እንዲሁ። ይህን ሕፃን የሚያውቀውን ነገር በዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የምተነትነው ያለ ምክንያት አይደለም። መቱ አጠገብ ባለችው ሁሩሙ ውስጥ ይህ ጎን ጨርሶ የሌላቸው አንድ የተከበሩ ሰው አሉ።

ጋሼ ደሳለኝ በአካባቢው የታወቁ አስታራቂ ናቸው። ለዓመታት አብረዋቸው የሸመገሉት ደግሞ ጓደኛቸው ባለሱቁ ሐጂ ኑሩ ናቸው። ጋሼ ይናገራሉ፣ ሐጂ የሰው ፊት ያነባሉ፤ በዚህ ዓይነት ስንቱን ቤት ከመፍረስ አዳኑ። ታዲያ ሁለቱንም በአንድ ክረምት ስትሮክ መታቸው፤ ሐጂን ግራ አንጎላቸውን፣ ጋሼን ቀኙን። አብሮ መሥራት የለመዱ ሰዎች በሽታውንም ተካፈሉት።

እኔ የሁሩሙ ልጅ ሆኜ መቱ ባዮሎጂ ስለማስተምር፣ እሱ ይገባዋል ተብዬ ሐኪሙን እንዳነጋግር ተላክሁ። ሐኪሙ ትዕግሥት ያለው ወጣት ነው። ደጁ ካለው የቡና ተክል አንድ ቀይ እሸት ቀጥፎ ጨመቀና ሁለቱን ፍሬ መዳፉ ላይ አስቀመጠልኝ።

«አንጎልም እንደዚህ ሁለት ነው» አለኝ። «ግራው የቀኙን አካል ያዛል፣ ቀኙ የግራውን። የአብዛኛው ሰው ንግግር ያለው በግራው ነው። ቀኙ ደግሞ የድምፅን ቃና፣ የፊትን ሁኔታ ይለያል፤ በስተግራ ያለውንም ዓለም ይጠብቃል።»

«የትኛው ቢጎዳ ይሻላል?»

«ግራው የተጎዳበት ምን እንዳጣ ስለሚያውቅ ብዙ ጊዜ ያዝናል። ቀኙ የተጎዳበት ደግሞ፣ ምንም አልሆንኩም ሊል ይችላል።»

«ለቤተሰቡስ?»

«ለቤተሰቡ የሚያዝነው ይቀላል» አለኝ።

እውነቱን ነው። ሐጂ ቀኝ እጃቸው ሰለለ፤ ከንግግራቸው ሁሉ የቀረቻቸው «ወላሂ» የምትል አንዲት ቃል ብቻ ናት። በዚህችው ቃል ሻይ ያዝዛሉ፣ ደንበኛ ይገሥጻሉ፣ ያለቅሳሉ። ቃናቸውን የሰማ ሁሉ ይገባዋል። ከጋሼ በቀር። ጋሼ «ስለ ምኑ ነው የሚምለው?» ብለው ይጠይቃሉ።

ጋሼ ራሳቸው ንግግራቸው እንደ ውኃ ይፈስሳል፤ ደስታቸውም እንደዚያው። ጢማቸውን የሚላጩት በቀኝ በኩል ብቻ ነው። የሰለለ ግራ እጃቸውን አንሥቼ «ይህ የማን እጅ ነው?» ብላቸው፣ «ያንተ ይሆናል፤ በል አንሣልኝ» አሉኝ። ማዕድ ሲቀርብ የትሪውን የቀኝ ግማሽ ጠርገው «ብርቄ፣ ዘንድሮስ ሰሰትሽ» ይላሉ። ባለቤታቸው እትዬ ብርቄ ትሪውን ያዞሩላቸዋል።

«አሁን ጨመርሽ።»

«እንዴታ» ይላሉ እትዬ ብርቄ፣ ሳይስቁ።

ሽምግልናውን ግን አልተዉም። እኛ ዘንድ የተጣሉ ሰዎች ጎን ለጎን አይቀመጡም፤ አንዱ በሽማግሌው ቀኝ፣ ሌላው በግራ ይሆናል። ለወራት በቀኝ የተቀመጠ ሁሉ ረታ። እጃቸው መታመሙን አገር ያውቃል፤ ፍርዳቸው ታመመ ብሎ የጠረጠረ ግን አልነበረም። አንዱን ወገን ብቻ ሰምቶ የሚፈርድ ሰው በእኛ አገር መቼ ሐኪም ቤት ተወስዶ ያውቃል? ሰዉ ያደረገው ነገር ቢኖር ማልዶ እየመጣ የቀኙን መቀመጫ መያዝ ነው።

የእህቴ የአልማዝ ጉዳይ የመጣው ይኼኔ ነው። ባሏ ገመቹ የአባቱን የቡና ማሳ ሸጬ መቱ ውስጥ ባጃጅ ልንዳ አለ። እሷ ማሳው የልጆቼ ነው ብላ ልጆቹን ይዛ መቱ እኔ ቤት ገባች። በሽማግሌ ካልታረቁ ፍርድ ቤት ሄደው ሊፋቱ ነው። «ይፍታኝ፣ ደስታዬ ነው» ትላለች አልማዝ፤ ከሁሩሙ ሚኒባስ በመጣ ቁጥር ግን በር በሩን ታያለች። እኔ ሌላ ሽማግሌ ይፈለግ ብል፣ ገመቹ ከጋሼ ደሳለኝ ሌላ አልቀበልም አለ። ምክንያቱን እናንተም አታጡትም።

በቀጠሮው ቀን ጋሼ ደጅ ካለው ዋንዛ ሥር ስንደርስ ገመቹ የቀኙን አግዳሚ ወንበር ይዞ ቁጭ ብሏል። አልማዝ በግራ ተቀመጠች። ሐጂ ኑሩንም ለክብር አምጥተው ፈንጠር አድርገው አስቀምጠዋቸዋል። ገመቹ ተናገረ፤ አሳጠረም አይባል። ሲጨርስ ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጋሪዳ ልጄ፣ ጋሪዳ። ጥሩ ተናገርክ። ሴትዮዋ ግን ንቃን ቀርታለች። የቀረ ሰው በራሱ ላይ ፈርዷል።»

«ይኸው አለሁ፣ ጋሼ» አለች አልማዝ፣ እጇን ብትዘረጋ ልትነካቸው ከምትችልበት ቦታ።

ጋሼ ገመቹን ትኩር ብለው አዩት። «ምነው ድምፅህ ቀጠነ? ጉንፋን ነው?»

ሰው ሳቀ። ገመቹም ሳቀ።

«እንግዲያው ይፍታኝ» አለች አልማዝ። «እኔ ደስታዬ ነው።» ድምፅዋ መሃል ላይ ተሰበረ።

«ደስ ካለህማ ምን ቀረ» አሉ ጋሼ ለገመቹ። «ፍቺ ነው።»

ገመቹ ሳቁን አቆመ።

«ወላሂ» አሉ ሐጂ ኑሩ፤ እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል።

«ስለ ምኑ?» አሉ ጋሼ። ሐጂ ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ ተነሡ፤ በደኅናው ግራ እጃቸው የአልማዝን ክንድ ያዙና በጋሼ ፊት አዙረው ከገመቹ አጠገብ፣ አግዳሚው ላይ አስቀመጧት።

«ማዞር ነው እንጂ» አሉ እትዬ ብርቄ ከበራቸው ሆነው፣ ስለ ትሪው እንደሚያወሩ ሁሉ።

«እንዴ፣ መጣሽ?» አሉ ጋሼ። «አርፍደሻል። በይ ተናገሪ።»

አልማዝ ግን ወደ ገመቹ ዞረች። አግዳሚው ጠባብ ነው፤ ትከሻዋ የገመቹን ነካ። ያን ያህል ከተቀራረቡ ወራት አልፈዋል።

«እውነት ብፈታሽ ደስ ይልሻል?» አላት ገመቹ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አዎ» አለችው።

እንዴት እንዳለችው በጽሑፍ ማሳየት አልችልም። ገመቹ ሰማው። ሐጂ ሰሙት።

«አዎ ብላለች» አሉ ጋሼ። «ጸንቷል፤ ፍቺ ነው።»

ገመቹ በዚያው ቀን አልማዝንና ልጆቹን ወደ ቤት ሊመልስ ከእኛ ጋር መቱ ገባ። ማሳው አልተሸጠም። በጋሼ ፍርድ መሠረት ግን ሁለቱ እስከ ዛሬ የተፋቱ ናቸው።

አሁን ሁሩሙ ውስጥ የተጣላ ሁሉ በቀኙ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ይቀመጣል። ከጋሼ ደሳለኝ በስተግራ ማንም የለም። እሳቸው፣ ድሮም ማንም አልነበረም ይላሉ።