የአባቴ ልክ

«እግርህን በፍራሽህ ልክ ዘርጋ» እየተባልን ያደግን ሰዎች ነን። እግሩ የረዘመ ሰው ፍራሹን ያስረዝም ያለ ሽማግሌ ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ከሳሪስ ቱሉ ዲምቱ በሚኒባስ ስንመጣ ጉልበታችን አገጫችንን እየነካ «ምንም አይደል፣ ደርሰናል» እንባባላለን። የቢሮዬ ወንበር እንኳ ከሥሩ ከፍና ዝቅ ማድረጊያ አለው፤ ስድስት ዓመት ስቀመጥበት አንድም ቀን አልነካሁትም። ከእኔ በፊት የነበሩት ኃላፊ ያስተካከሉት ነዋ።

ሳይክሌም እንዲሁ ነበር። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ወደ ማምሻው በሳይክሉ ከሥራ ሲመለስ፣ ከአቧራውና ከምትጠልቀው ፀሐይ መሀል ወገቡን ወዲህና ወዲያ እያወዛወዘ ብቅ ይላል። ለብቻው የሚሰማው ዘፈን ያለ ይመስለኝ ነበር። ረጅም ሰው ነው ብዬም አምን ነበር፤ አድጌ ስበልጠው እንኳ፣ ሰው ሲያረጅ ያጥራል ብዬ አለፍኩት። ሲሞት ሳይክሉን ወረስኩ፣ መቀመጫውን በነበረበት ከፍታ።

እሱን ሳይክል ይዤ ጠዋት ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ እወርዳለሁ። ጉሙ ሜዳው ላይ ተኝቶ ስለሚቆይ ኮንዶሚኒየሞቹ መሠረት የሌላቸው ሆነው ይንሳፈፋሉ፤ እኔም ከህልሜ ሳልወጣ እነዳለሁ። አባቴ ይናፍቀኛል፤ የማገኘው በዚያች መንገድ ላይ ብቻ ነው። ችግሩ ጉልበቴ ነው። ደረጃ መውጣት ሲያቅተኝ ልጄ ሊያ «አባዬ፣ ወይ መቀመጫውን ዝቅ አድርገው፣ ወይ ሽጠው» አለችኝ። መሸጥ ማለት ደግሞ አባቴን ሁለተኛ መቅበር ሆነብኝ።

ቅዳሜ ዕለት በሰቃ ሰፈር ወዳሉት ጋሽ ሸምሱ ሄድኩ። ከአባቴ ዘመን ጀምሮ ሳይክል የሚጠግኑ ሰው ናቸው። ግድግዳ አስደግፈው ካስቀመጡኝ በኋላ ተረከዜን ፔዳሉ ላይ እንዳደርግ አዘዙኝ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዜ አየር ላይ ቀረ።

«እግር ቀጥ ይላል እንጂ ፔዳል አይፈልግም» አሉ። «አራት ጣት ዝቅ ይበል።»

«አይነካም ጋሽ ሸምሱ። የአባቴ ልክ ነው።»

መፍቻውን አስቀምጠው አዩኝ። «አባትህ ካንተ አያጥርም እንዴ? ይሄ የፋብሪካው ፎርማን ልክ ነው። ሰውዬው ጡረታ ሲወጡ ሳይክሉን ለአባትህ ሰጡት። ዝቅ ላድርግልህ ባልኩት ቁጥር ‹አለቃዬ ያስተካከሉት ነው፣ አይነካም› ይለኛል። ሰውዬው ከሞቱም በኋላ ያው ነው።»

«ታዲያ እንዴት ይነዳው ነበር?»

«የቀኙ ፔዳል ሲሸሸው ወደ ቀኝ ይጋደማል፣ የግራው ሲሸሸው ወደ ግራ።»

ዘፈኑ ይኸው ነበር።

አባቴ አሳዘነኝ፤ ከበፊቱም ይበልጥ ወደድኩት። «ዝቅ ያድርጉት» አልኳቸው። ቡሎኑ ዝጎ ስለነበር ናፍጣ አጠጥተው ብዙ ታገሉት። ሲላቀቅ ሲጢጥ አለ። ስመለስ ወገቤ አልተወዛወዘም። መንገዱ በሥሬ እንደ ውሃ ሄደ፤ አባቴም ለመጀመሪያ ጊዜ እግሩ ደርሶለት አጠገቤ የሚነዳ መሰለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስወጣ መቀመጫው ሰማይ ነክቷል። ሊያ፣ ከእኔ በስንዝር የምትረዝመው ልጄ፣ ዳቦ ልትገዛበት ሄዳ መመለሷ ነው።

«ማን ንኪ አለሽ? ይሄ እኮ የአባትሽ…» ብዬ ጀመርኩና ዋጥኩት።

«እግሬ አልዘረጋ ሲለኝ ከፍ አደረግኩት» አለች፣ መፍቻውን እያቀበለችኝ። ማንንም አላስፈቀደችም። አንድ ደቂቃም አልፈጀባት።

አሁን መፍቻው በራችን ላይ በምስማር ተሰቅሏል። ጠዋት እኔ ዝቅ፣ ከሰዓት እሷ ከፍ እናደርገዋለን። ጉልበቴም ተሽሎታል።

የቢሮዬን ወንበር ግን ገና አልደፈርኩትም።