በኩባያ የተሰጠ ቃል

ትናንት ከምሳ በኋላ ዘውገ ሕልም አየ። የቀን ሕልም ፍቺ የለውም ይላሉ፤ ይበሉ። እኔ የምነግራችሁ እሱ ራሱ እያለቀሰ የነገረኝን ነው። ብትስቁም አልፈርድባችሁም፤ እኔም ስቄ ነበር፤ ያፈርኩት በኋላ ነው።

ሕልሙ እንዲገባችሁ ግን ከዚያ በፊት የሆነውን ልንገራችሁ። ዘውገ ጎረቤቴ ነው፤ የማዘጋጃ ቤት ቀያሽ፤ የሰው መሬት ሲለካ የሚውል። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሙዚቃ ማዳመጫ ሲያደራጅ ከረመ። ሁለት ስፒከር ግራና ቀኝ፣ መሃላቸው አምፕሊፋየር፣ አጠገቡ የኮምፒውተሩን ድምፅ ያጠራል የተባለ ክብሪት የሚያህል ሣጥን፣ በዚያ ላይ ደግሞ ጆሮን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ትልቅ ሄድፎን። በመሥሪያ ቤቱ ሜትር ከስፒከር ስፒከር፣ ከስፒከር እስከ ራሱ ጆሮ ለካ፤ ሦስቱ ጎን እኩል እስኪሆንለት ድረስ ወንበሩን ሲገፋ ሲስብ ሰነበተና ቦታውን በቀይ ቀለም ምልክት አደረገበት። የሚስቱን የስንዱን የስፌት መኪና «ይንቀጠቀጣል፤ ድምፁን ያበላሽብኛል» ብሎ በረንዳ ላይ አወጣው። ግድግዳው ያስተጋባል ብሎ ደግሞ የሰርግ ካባዋን ዘርግቶ በአራት ሚስማር መታው። የሰርግ ካባ! አሁን ይኼ የጤና ነው?

ስንዱ ካባውን አይታ በረንዳ ወዳለው ስፌቷ ተመለሰች። ባለፈው ማክሰኞ ግን፣ እሱ ከሥራ ቀርቶ ሄድፎኑን አጥልቆ እንደተቀመጠ፣ መጥታ አጠገቡ ቆመችና አንድ ነገር ነገረችው። ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይቷል፤ ድምፅ አልሰማም። ምን ብሎ እንደመለሰላት እንኳ አያስታውስም። ከወንበሩ ሲነሣ እሷም የለች፣ ሻንጣዋም የለ። ስልኳ ቢደወል አይነሣም። ይኸው አምስት ቀኑ። ዘውገን የሚበላው መሄዷ ብቻ አይደለም፤ ምን ብላው እንደሄደች አለማወቁ ነው። ቢያውቅ የሚያቃናው ይመስለዋል። ትናንትም ድንገት ብትመጣ ብሎ በሩን ሳይቆልፍ፣ ያንኑ ሄድፎን እንዳጠለቀ አልጋው ላይ እንቅልፍ ጣለው።

በሕልሙ ያለው እዚሁ ከተማችን ውስጥ ነው፤ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫው ቤት። ነገር ግን መደርደሪያው ላይ የተደረደሩት ሰዎች ናቸው፤ ባንኮኒው ፊት ወንበር ላይ እግራቸውን አነባብረው ሻይ የሚጠጡት ደግሞ ስፒከሮች። ከየሰዉ ጀርባ ገመድ ወጥቷል። ዘውገም ራሱን ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ አገኘው፤ ግራው በኩል አንድ የሚያስነጥሳቸው ሽማግሌ፣ ቀኙ በኩል ባዶ ቦታ። ባለሱቁ ወገቡ የሰፋ የእንጨት ስፒከር ነበር፤ ዘውገን አወረደና አቧራውን በጨርቅ ጠረገለት።

«እስቲ አንድ ነገር በል» አለው።

«ጤና ይስጥልኝ።»

ስፒከሩ ሆዱን ወደፊት ገፋ አድርጎ አዳመጠ። «ወፍራሙ ድምፅ የለህም። ቀጭኑም የተሰነጠቀ ነው። ለመሆኑ ጥንድህ የታለች?»

«ሄዳለች።»

«ነጠላ ሰው አንሸጥም። ምን ብላ ሄደች?»

«አልሰማሁም።»

አንዲት ትንሽ ስፒከር ከት ብላ ሳቀች፤ ባለሱቁ ገላመጣት። ከዚያ ለዘውገ አዘነለት መሰለኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስማ ልጄ» አለው፤ «ያልተሰማ ቃል አይጠፋም። የሚቀመጥበት ጽሕፈት ቤት አለ። ብቻ ሳይቀዘቅዝ ድረስበት፤ ከቀዘቀዘ ውኃ ነው።»

ዘውገ ገመዱን ነቅሎ ሮጠ። አስፋልቱ ግን ራሱ ነበር የሚሄደው፤ ሲሮጥ ወደኋላ ይመልሰዋል፣ ሲቆም ያደርሰዋል። ይኼን እስኪረዳው ድረስ ያን ሁሉ መንገድ ለፋ፤ ላቡ ጠብ እስኪል። በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ቆመ፤ ወዲያው ደረሰ።

የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ መነጽር ያደረገች አህያ ነበረች፤ መዝገቡን በጆሮዋ ነው የምትገልጠው።

«ለጆሮ ሥራ ከእኔ ማን ይሻላል?» አለችው፣ ገና ሳይጠይቃት። «ስም?»

«ዘውገ።»

«ያንተን ማን ጠየቀህ? የተናገረችውን።»

«ስንዱ።»

«ምኗ ነህ?»

«ባሏ።»

አህያዋ መነጽሯን አውልቃ ከላይ እስከ ታች አየችው። «እኛ ዘንድ ተረት አለ» አለች፤ «የሰው ባል ከምንም አያስጥልም ይባላል።» ብላው ወደ ጓዳ ገባች።

ስትመለስ በጥርሷ አንድ የቆርቆሮ ኩባያ አንጠልጥላለች። እንፋሎቱ ይወጣል። «ይኸው የስንዱ ቃል። ሙሉ ነው፤ ጠብታ አልጎደለበትም።»

ዘውገ ተቀበላትና ኩባያውን ወደ ጆሮው አስጠጋ።

«ኧረ ወዲያ!» አለች አህያዋ። «ልትቃጠል ነው እንዴ? እዚህ በጆሮ ይወራል እንጂ አይሰማም። የሚሰማው በአፍ ነው። ጠጣው!»

ሊጠጣ ሲል ሄድፎኑ አፉ ላይ ነው። ሁለቱም ጆሮ መሸፈኛ ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ዘግቶታል። ቢጎትተው እንቢ አለ፤ ቢያጣምመውም እንቢ አለ። «አውልቂልኝ!» ብሎ በጆሮው ጮኸ፤ ጆሮው በእርግጥም አወራ።

«እኔ ያለኝ ሰኮና ነው» አለችው። «ያጠለቀ ያውልቅ። ደግሞ ቶሎ በል፤ እንፋሎቱ ቀንሷል።»

በሁለት እጁ እንዳይጎትት ኩባያው ሊደፋበት ነው፤ በአንድ እጁ አቅም አጣ። ኩባያውን ደረቱ ላይ አቅፎ፣ በሙቀቱ ሙቀት ልጨምርለት ብሎ፣ እየተደናበረ ወጣ። «አንድ ጊዜ ብቻ ልስማት፤ ከዚያ የፈለገው ይሁን» እያለ ነበር በሆዱ። እኔ ይኼን ሲነግረኝ ነው ሳቄ የቆመው።

ቆሞ መንገዱ ያደረሰው መናኸሪያ ነው። እዚያ አውቶቡስ ሰው አይጭንም፤ ሰው ነው አውቶቡስ የሚሸከመው። ተሳፋሪው ሻንጣውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ከመኪናው ሥር ይገባና በትከሻው ያነሣዋል፤ ሹፌሩ ከላይ ሆኖ ጥሩምባ ይነፋል። ከፊተኛው ጎማ ሥር ስንዱን አያት። ላቧ በግንባሯ ይወርዳል። እሷም አየችው፤ ከንፈሯም ተንቀሳቀሰ፤ አሁንም ድምፅ የለም።

«ስንዱዬ! ምን ነበር ያልሽኝ?» አለ በጆሮው። «አፍሽን ክፈቺና ስሚኝ!»

አፏን ገጠመች። ፊቷ ላይ ቁጣ እንኳ የለም፤ እንዲያው ድካም ብቻ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ነፋ፣ ተሸካሚዎቹ «ሆ!» አሉና አውቶቡሱ ተነሣ። ጫማቸው አቧራ እያስነሣ በዳገቱ ወጡ፤ ዘውገም ከኋላቸው ቢሮጥ መንገዱ ወደኋላ መለሰው።

ያኔ ኩባያውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ሄድፎኑን በሁለት እጁ ይዞ ጥርሱን ነክሶ ገነጠለው። የከንፈሩ ቆዳ አብሮ ተላጠ። ኩባያውን ቢነካው ለብ ብሏል፤ ገና አልቀዘቀዘም። ተመስገን! ዓይኑን ጨፍኖ ተጎነጨ። ጨው ጨው አለው፤ ቀጥሎ ሌላ ጣዕም መጣ፣ ምላሱ ላይ ተሰበሰበ፣ አሁን ቃል ሊሆን ነው፣ ሊሆን ነው ሲል አንድ ሰው ትከሻውን ይዞ ወዘወዘው።

የስንዱ ታላቅ እህት እትዬ ድንቅነሽ ነበሩ። አፋቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ዘውገ ደንግጦ ሄድፎኑን ከጆሮው ላይ ወረወረው።

«አንተ ሰው!» ይላሉ። «በር ስደበድብ ቆሜ ቆሜ እኮ ገፍቼ ገባሁ! ሞቶ ይሆን ብዬ!»

«እትዬ ድንቅነሽ፣ ስንዱ ደህና ናት?»

«ደህና ናት። ሹራቦቼን አምጪልኝ ብላ ነው የላከችኝ።»

«ማክሰኞ ዕለት ምን ብላኝ ነበር? በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ይንገሩኝ። አልሰማኋትም።»

እትዬ ድንቅነሽ ትክ ብለው አዩት። የሚያሾፍ መስሏቸው ነበር፤ እንደማያሾፍ ሲያውቁ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

«አልሰማኋትም ነው የምትለኝ?» አሉ ቀስ ብለው። «‹ሻንጣዬን ዘግቻለሁ፤ አትሂጂ በለኝና ልፍታው› ነው ያለችህ። አንተ ደግሞ ጣትህን ቀስረህ ‹አንድ ደቂቃ› አልካት። እሷም እውነት መስሏት በር ሥር ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችህ። ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት። ጀርባህን ነበር አሉ የምታየው።»

ዘውገ ሄድፎኑን ከወለሉ አንሥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «አሁን ብነግራትስ?» አላቸው።

«ስልኳን ቀይራለች። ያለችበትንም ለማንም እንዳልናገር አስምላኛለች» አሉት። ተነሡና ነጠላቸውን አስተካከሉ። «በል፣ ቁም ሣጥኑን ክፈትልኝ፤ ባጃጁ ቆሞብኛል።»

ዘውገ ቁም ሣጥኑን ከፈተና ሹራቦቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ሰጣቸው።