የእትዬ ልጣጭ ሻል

ከሱቅ የተገዛን ልብስ ሁሉ እንደ ግል ስድብ የሚቆጥር አንድ ሰው ከየትኛውም ቤተሰብ አይጠፋም። ለጡረተኛው ዳኛ ይህ መከራ የደረሰው በታላቅ እህቱ በኩል ነው። እኒህ ክብርት የቀለም ሊቅ፣ የሽንኩርት ገለፈት ባለአደራ፣ በሰፈሩ ዘንድ በአጭሩ «እትዬ ልጣጭ» ይባላሉ።

እትዬ ልጣጭ ሻል የሚሠሩት በገዛ እጃቸው ከሽንኩርት ልጣጭ ጋር ቀቅለው ባቀለሙት የሱፍ ክር ብቻ ነው። «ፋብሪካ ነፍስ የለውም!» ይላሉ፤ ይህንንም የሚሉት የእንግዳን ኮት በሁለት ጣት ቆንጥረው ነው።

አትክልት ሻጯ ዘንድ አብሯቸው የሄደ ሰው ሁለተኛ አይደግመውም።

«ስንት ኪሎ ልመዝን፣ እማማ?»

«ሽንኩርቱን ተዪው፤ ልጣጩን ብቻ። ቢጫውን! ቀዩን ከቀላቀልሽብኝ ተጣላን።»

ዳኛው ከረጢቱን እንደያዘ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ ዝቅ አደረገ። በሌላ ቀን ሾርባ መስሎት የድስት ክዳን ቢያነሳ፣ ሱፍ ከዛገ ምስማር ጋር ሲንተከተክ አገኘ። «ዝገቱ ቀለሙን ያጠቁረዋል፤ ምን ታውቃለህ አንተ!» ተባለ።

ይህ ሁሉ ይቻል ነበር፣ ሥራው ቢያልቅ። ነገር ግን እትዬ ልጣጭ አንዲት የክር ዐይን ከመርፌ ካመለጠቻቸው ሻሉን ከነመሠረቱ ይተረትሩታል። ከሟች እህታቸው ተረክበው ላሳደጓት ነርስ የታሰበው ሻል ለምረቃዋ ሳይደርስ ወደ ሠርጓ ተዛወረ፤ ከሠርጓም ተላለፈ። «እኔ እንኳ በችሎት እንዲህ ያለ ቀጠሮ ሰጥቼ አላውቅም» ይል ነበር ዳኛው።

አሁን ነርሷ ብርድ ወደማይለቀው ተራራማ ከተማ ተመድባ በማግስቱ ልትሄድ ነው። ሻሉም ጠርዙ ሲቀር ክሩ አለቀ። የተፈጥሮ ቀለም ደግሞ ሁለት ጊዜ አንድ ሆኖ አይወጣም። እትዬ ልጣጭ እንደገና ክር ነከሩ፣ ጠርዙን ጀመሩ፣ ከዚያም ወንድማቸውን ወደ መስኮቱ ጠሩት።

«ና እስቲ። አዲሱ ከድሮው ይለያል? ከተለየ እተረትረዋለሁ።»

ዳኛው መነጽሩን አደረገ። የማርና የጡብ ያህል ተለያይቷል። ዕድሜውን ሙሉ በሐሰት የማለን ሰው ሲቀጣ የኖረው ሰውዬ፣ እስከ ጥፍራቸው ቢጫ የሆኑትን፣ አንጓቸው ያበጠውን የእህቱን ጣቶች አየ።

«አንድ ነው፣ እትዬ።»

«ሙት በል!»

«ስሞት!»

ትኩር ብለው አዩት። «ስንቱን ምስኪን በዚህ ዓይንህ ፈረድክበት ይሆን!» አሉና መርፌያቸውን አነሡ።

በማግስቱ ነርሷ ሻሉን ተከናንባ ጠርዙን ዳሰሰች። «አክስቴ፣ ይሄን ሆን ብለሽ ነው የለየሽው? እንዴት ያምራል!»

ዳኛው ጣሪያ ጣሪያውን አየ።

«ሆን ብዬ ነው እንጂ» አሉ እትዬ ልጣጭ፣ ዐይናቸውን ሳያሹ። ከዚያም ወደ እሱ ዞረው፣ «ተረኛው አንተ ነህ። ያ ነፍስ የሌለው ሹራብህ አሳፍሮኛል።»

በሳምንቱ አትክልት ሻጯ ሚዛኗን አስተካከለች። «ስንት ኪሎ፣ አባባ?»

ዳኛው ግራ ቀኙን ገላመጠ፤ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሽንኩርቱን ተዪው» አለ በችሎት ድምፁ። «ልጣጩን ብቻ። ቀዩን እንዳትቀላቅዪብኝ።»